ሩዝ በግራ፣ ሾርባ በቀኝ

«ስንት ናችሁ?» አሉ ሴትዮዋ፣ ከሚንተከተከው ድስት ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«ሁለት» አለች ቦራም። «ጓደኛዬ እየመጣች ነው።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህን ስትል ለሦስተኛ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጆሮዋ እስኪግል አፍራ ነበር። አሁን ግን የአውቶቡስ ካርድ የማሳየት ያህል ቀሏታል። ወደ ግድግዳው ጥግ ሄዳ ቦርሳዋን ከፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ወንበሩ ባለቤት ያለው እንዲመስል።

ቅዳሜ ነው፤ የምሳ ሰው ወጥቶ የእራት ሰው ገና ያልገባበት ሰዓት። ከናምፖ ገበያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት የታክሲ ሾፌሮች ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው ይበላሉ። መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖታል። ከንጋት ጀምሮ ሲፈላ የዋለው የአሳማ አጥንት ሽታ ካፖርቷ ውስጥ መግባት ጀምሯል። ማታ እናቷ «ዛሬ ደግሞ ሾርባ ቤት ነበራችሁ» እንደምትላት ታውቃለች። ነበራችሁ። እናቷ ሁልጊዜ «እናንተ» እያለች ነው የምታወራው።

ነገሩ የተጀመረው በመምህርት ታክ የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር። በወሩ መጨረሻ ከዴጆን ከተማ እንግዳ ተማሪዎች ስለሚመጡ፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው የከተማቸውን የቡሳንን ካርታ እንዲሠሩላቸው ታዘዙ። ካርታው ላይ አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚያዳርሳቸው አምስት ቦታዎች ይኖራሉ፤ በየቦታው ምን እንደሚታይና ምን እንደሚበላ ይጻፋል። መምህርት ታክ ቱሪስት ሁሉ የሚያውቀውን ገልብጦ ያመጣ ሰው ማርክ እንደማያገኝ አስጠነቀቁ። ለእያንዳንዱ ቦታም ሁለቱ ልጆች እዚያ መገኘታቸውን የሚያሳይ ፎቶ ጠየቁ። ጥንዳችሁን ራሳችሁ ምረጡ ሲሉ፣ ሁለት መደዳ ቀድማ የተቀመጠችው ሴሪን ዞር ብላ በእስክሪብቶዋ ቦራምን ጠቆመች።

ያን ቀን ቦራም ወደ ቤቷ የሚያወጣውን ረጅም ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው የወጣችው።

ደስታዋ ግን አላደረም ማለት ይቻላል። በማግስቱ ሴሪን ጫማ ማስቀመጫው ጋ ጠብቃ፣ ቅዳሜና እሑድ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዳላት ነገረቻት። ለውጭ ቋንቋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታመለክታለች፤ ከዚህ ማርክ አንድ ነጥብ ቢጎድል እናቷ አትለቃትም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሁለት ሁለት ሳህን አድርገሽ አንሺው በቃ። ማን ነቄ ይላል? ደግሞ አንቺ ብቻሽን መዞር ትወጃለሽ አይደል?»

ቦራም «እሺ» አለች።

ሁለቱ ያደጉት ዮንግዶ ደሴት ላይ፣ መርከቦች ከሚታዩበት ኮረብታ፣ በአንድ ደረጃ ዳር ነው። የሴሪን ቤት መካከሉ ላይ፣ የቦራም ደግሞ ጫፉ ላይ ነበር። ጠዋት ቦራም ስትወርድ ሴሪን በሩ ላይ አንድ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ከትታ፣ ጥርሷን እየፋቀች ትጠብቃታለች። ባለፈው ክረምት የሴሪን ቤተሰብ ድልድዩን ተሻግሮ አዲስ የተሠራ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ገባ። ሴሪን ትምህርት ቤት አልቀየረችም። ግን ከሕንፃው አብረዋት የሚመጡ ሌሎች ሴቶች ልጆች አገኘች፤ ከእነሱ ጋር መምጣት፣ ከእነሱ ጋር መመለስ፣ ከእነሱ ጋር መብላት ጀመረች። ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢኖር ይሻል ነበር፤ ሰው ጠብ ካለ ይታረቃል። ቦራም የቱ ቀን ላይ እንደሆነ እንኳ ጣቷን መጠቆም አትችልም።

ከዚያ ወዲህ ምሳ የምትበላው ሁሉም በልቶ ሲወጣ ነው። ደወሉ ሲደወል ቤተ መጻሕፍት ትገባና ሃያ ደቂቃ ያህል የማታነበውን መጽሐፍ ትገልጣለች። ምግብ ቤቱ ስትደርስ ሾርባው ለብ ብሏል፤ ጠረጴዛ የሚጠርጉት ሴቶች ደግሞ በጨርቃቸው እየተከተሏት ይመጣሉ።

ካርታውን ብቻዋን መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከባሕሩ በላይ በነጫጭ ቤቶች መካከል ወደሚያልፈው ጠባብ መንገድ ሄደች። እናቷ ለሁለቱ መንደሪን በሁለት ከረጢት አድርጋ «ይሄኛው የሴሪን ነው፤ እሷ ጣፋጩን ነው የምትወደው» ብላ ሰጥታታለች። ቦራም መልሕቅ ጥለው ወረፋ የሚጠብቁትን መርከቦች እያየች የራሷን በላች። ከዚያ የሴሪንንም በላች። እውነትም ይጣፍጥ ነበር።

በማግስቱ የአሮጌ መጻሕፍት መንደር ገባች። ቀጥላ፣ ሰው ተሰልፎ የሚገዛውን፣ በስኳርና በሱፍ ፍሬ የተሞላውን ትኩስ ቂጣ ሁለት ገዛች። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እጇ ይዛ ፎቶ ለማንሣት ሦስተኛ እጅ አጣች፤ በመጨረሻ ሁለቱንም የስልክ ቤት መስኮት ላይ አስደግፋ አነሣች። አንዱን በላች። ሁለተኛውን አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ይዛ ሄደች፤ ስኳሩ ረግቶ ቂጣው ከወረቀቱ ጋር ተጣበቀ።

ከሁሉ የከፋው የቅመም ድስቱ ቤት ነበር። የሩዝ ሊጡን በቀይ ቅመም ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያበስሉት፤ ከሁለት ሰው በታች አያቀርቡም፤ ግድግዳው ላይም ጽፈውታል። ቦራም ሁለት ነን አለች። ባለቤቷ ድስቱን አምጥታ ጋዙን ሳትለኩስ ሄደች፤ ጓደኛሽ ስትመጣ ነው አለቻት፤ ቀድሞ ከበሰለ ሊጡ ይላቁጣል። ቦራም ጥሬ ሊጥ ፊት ለፊት አርባ ደቂቃ ተቀመጠች። በየአምስት ደቂቃው ስልኳን ታያለች፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ቀና ትላለች። የሚመጣ ሰው እንደሌለ እያወቀች ለምን ቀና እንደምትል ለራሷም አልገባትም። በመጨረሻ ሴሪን ታማለች አለች፤ ጉንፋን። ሳትበላም ወጣች።

ዛሬ ያለችበት የአሳማ ሾርባ ቤት አምስተኛውና የመጨረሻው ነው። ለአንድ ሰውም ይሸጣሉ፤ ግን ፎቶው ሁለት ይፈልጋል።

ሴትዮዋ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይዘው መጡ። ሁለት ሳህን ነጭ ሾርባ፣ ሁለት ክዳን ያለው የሩዝ ሳህን፣ የተቦካ የጎመን ኪምቺ፣ በቃሪያ የታሸ የሽንኩርት ቅጠል፣ በጨው የተዘፈዘፈ ትንንሽ የባሕር ሽሪምፕ። ጠረጴዛው መካከል ደርድረውት ተመለሱ። ቦራም ማንኪያና ቾፕስቲኩን ከጠረጴዛው ጎን ካለው መሳቢያ አወጣች። ድሮ ከሴሪን ጋር ሲበሉ ማንኪያ የምታሰናዳው እሷ ናት፤ ውኃ የምትቀዳው ሴሪን። መጀመሪያ የራሷን አስተካከለች፤ ሩዙን በግራ፣ ሾርባውን በቀኝ። ከዚያ ከወንበሯ ሳትነሣ እጇን ዘርግታ የባዶውን ወንበር እንዲሁ ደረደረች፤ ሩዙን በግራ፣ ሾርባውን በቀኝ። ቦርሳውን ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ በእግሯ ገፋ አደረገች። አነሣች። ደብዝዟል፤ እንፋሎቱ ነው። ደግማ አነሣች።

ቀና ስትል ሴትዮዋ የሽንኩርት ቅጠል ጭማሪ ይዘው ከጎኗ ቆመዋል። የሚያዩት እሷን አይደለም፤ ባዶውን ወንበርና ፊቱ ያለውን ምግብ ነው።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ነው የሞተብሽ?»

ቦራም መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እሳቸው የሚያዩትን አየች፤ ራሷን ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጣ አየችው። ከዚያ በኩል ሲታይ ሩዙ በቀኝ፣ ሾርባው በግራ ነው። በየዓመቱ አያቷ በሞቱበት ቀን አጎቷ ማዕዱን ሲዘረጉ ልክ እንደዚህ ያዞሩታል፤ የሙታን ማዕድ ከሕያዋን እንዲለይ። ትንሽ ሳለች አንድ ጊዜ በራሷ የምግብ ሰዓት አዙራ ብታስቀምጠው እናቷ እጇን መታ አድርጋ ነበር መልሳ ያስተካከለችው።

«ጓደኛዬ ናት» አለች። ልትናገር የፈለገችው ሌላ ነበር፤ የወጣው ይሄ ነው።

ሴትዮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቋት፤ አሥራ አምስት አለች። ታማ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። በሐዘን ከንፈራቸውን መጠጡ፤ እሳቸውም ለባላቸው ስድስት ዓመት እንዲህ እንደዘረጉ፣ እሱ ሽሪምፕ ሲበዛበት ይወድ ስለነበር እስከ ዛሬ እንደሚያበዙለት ነገሯት። ከሾፌሮቹ አንዱ መብላቱን አቁሞ ማንኪያውን በዝግታ አስቀመጠ። ቦራም የሴትዮዋን እጅ አየች፤ የሙቅ ውኃ ጠባሳ ያለበት፣ ቀይ፣ ደግ እጅ። ከዚህ በላይ መቻል አቃታት።

«አልሞተችም» አለች። «ድልድዩ ማዶ ነው የምትኖረው። ሃያ ሦስተኛ ፎቅ።»

ሾፌሩን ሾርባው ትን አለው።

ቦራም ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን «ድልድዩ ማዶ?» አሉ፣ ሩቅ አገር እንደሰማ ሰው። «በአውቶቡስ ስንት ደቂቃ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ታዲያ ደውዪላታ። ስትደርስ አሙቄ አቀርባለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እምቢ ትል ነበር። ግን የሞቱ ባላቸውን አንሥተው አጫውተዋታል፤ እምቢ ማለት ነውር መሰላት። ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠራ።

ሴሪን ስታነሣ በሹክሹክታ ነበር። ክፍል ውስጥ ነኝ፣ አስተማሪው ቆሞብኛል፣ ምነው አለች። ቦራም ናምፖ መሆኗን፣ አምስተኛው ቦታ ላይ መድረሷን፣ አሁን ብትመጣ ሾርባው ትኩስ እንደሆነ ነገረቻት። ሴሪን ረዥም አየር ሳበች። አትችልም፤ እስከ ማታ ነው ትምህርቱ። ከጀርባዋ ንፋስ ይሰማል፣ የባሕር ዳር ንፋስ። ከዚያ አንዲት ልጅ ጮክ ብላ፣ «ሴሪን! ፍሙ ላይ ያለው ዛጎል ተከፈተ፣ ነይ! ልትበላብሽ ነው ይህቺ ሆዳም!» ስትል ተሰማ፤ ሳቅም ተከተለ።



«ፎቶውን ላኪልኝ፣ እሺ?» አለች ሴሪን በመጨረሻ፣ ሹክሹክታዋን ትታ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር።»

«እሺ» አለች ቦራም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

ሴትዮዋ ምን አለች ብለው አልጠየቁም። ተነሥተው ሁለተኛውን ሩዝና ሾርባ ከባዶው ወንበር ፊት አነሡ። «ይሄን ቋጥሬልሽ ለእናትሽ ትወስጂዋለሽ» አሉ። «ያንቺን ብዪ፤ ሳይበርድ።»

ቦራም ክዳኑን ከፍታ ሩዙን ሾርባው ውስጥ ገለበጠችው፤ የሽንኩርት ቅጠሉን ጨመረች፤ ሽሪምፑንም። ባዶው ወንበር ላይ ቦርሳ ብቻ ቀርቷል። የመጀመሪያውን ማንኪያ ስትውጥ ሙቀቱ እስከ ጆሮዋ ደረሰ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በትኩስነቱ የበላችው ምግብ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ያኔ ነው ያወቀችው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ፎቶ ነበር።

እናቷ ገበያ ውስጥ ደረቅ ዓሣ ነው የምትሸጠው፤ ቤት ስትገባ ከእሷ ጋር የባሕር ጨው ሽታ ይገባል። ሾርባውን ስታይ ጫማዋን ሳታወልቅ ሳቀች።

«ሴሪን አልጨረሰችውም?»

«ሴሪን አልመጣችም» አለች ቦራም። «ከመጀመሪያውም አልመጣችም።»

እናቷ ድስቱን ምድጃው ላይ ጣደች። ጀርባዋን ሰጥታ ብዙ ቆየች። ሾርባው መፍላት ሲጀምር፣ «መንደሪኑስ?» አለች።

«እኔ ነኝ የበላሁት።»

«ሁለቱንም ከረጢት?»

«ሁለቱንም።»

«ለዚህ ነዋ ጣትሽ ቢጫ የሆነው። እኔ ደግሞ ጉበቷን ታማ ይሆን ብዬ ስሰጋ።» ሁለት ማንኪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቦራም በልታለች፤ ቢሆንም ተቀመጠች።

ማታ ካርታውን ወለሉ ላይ ዘረጋች። ሴሪን በስልክ ሁለት ጊዜ ጽፋለች፤ መጀመሪያ «ፎቶውስ?» ቀጥሎ የምትጸልይ ድመት ምስል። ስለ ዛጎሉ ምንም አላለችም። ቦራም ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁለት ቂጣ፣ ሁለት የመንደሪን ከረጢት፣ ሁለት ሳህን። በአንዳቸውም ውስጥ የሰው ጣት እንኳ የለም። ብትልካቸው ሴሪን ሰኞ ክፍል ውስጥ ትስቅላታለች፤ ምናልባት እስከ ረቡዕ። ባትልካቸው ያቺ እስከ ረቡዕ የምትቆይ ሳቅም አትኖርም። ይህን በደንብ አሰበችበት፤ ብዙ ደቂቃ ፈጀባት።

ከዚያ ካርታው ላይ የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና መጻፍ ጀመረች። ነጫጭ ቤቶቹ መንገድ ላይ፣ «ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ ከዚያ የሚመጣና የሚሄድ ሰው አያይህም፤ አንተ ግን መርከቦቹን ሁሉ ታያለህ» ብላ ጻፈች። መጻሕፍት መንደሩ ላይ፣ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ ባለቤት ሳትገዛ ሁለት ሰዓት ብትቆም እንደማይናገሩህ። ቂጣው ላይ፣ አንድ ብቻ ግዛ፣ እዚያው ቆመህ ብላው፣ ስኳሩ ያቃጥላል። ሾርባ ቤቱ ላይ፣ ስንት ናችሁ ቢሉህ አንድ በል፤ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ይሰጡሃል። ከዴጆን ከሚመጡት ልጆች አንዱ ብቻውን የሚዞር ቢሆንስ ብላ ነበር የጻፈችው፤ በየክፍሉ አንድ አይጠፋም።

የቅመም ድስቱን ቤት ከካርታው አወጣችው። አምስተኛውን ሳጥን ባዶ ትታ፣ ከላዩ «ከጓደኞች ጋር ለመጣ ሰው» የሚል ርዕስ ብቻ ጻፈች። ግርጌ ላይ ያስቀመጠችው አንድ ስም ነው።

ሰኞ ጠዋት ሴሪን ጫማ ማስቀመጫው ጋ ነበረች። ካርታውን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ግርጌው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። ቀልድ ነው ወይ አለች፤ ምን አድርጌሽ ነው አለች፤ እናቴ ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ አለች። ቦራም ሁሉንም እስክትጨርስ ጠበቀች።

«ማስረከቢያው ሐሙስ ነው» አለች። «አምስተኛውን ትቼልሻለሁ። ቅዳሜ ዛጎል የበላችሁበትን ቤት ጻፊው፤ ፎቶ አይጠፋሽም። ያን ጊዜ ስምሽን አስገቢ።»

ሴሪን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ካርታውን ግን አልመለሰችም።

ቦራም ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆመች። «ሴሪን» አለች ሳትዞር። «ብቻዬን መዞር አልወድም። ወድጄም አላውቅም።»

የምሳ ደወል ሲደወል እግሯ በልማድ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ዞረ። በሩ ድረስ ሄዳ ከእጀታው ላይ እጇን አነሣች፤ ደረጃውን ወርዳ ሰልፉ ውስጥ ገባች። ምግብ ቤቱ ሞልቶ ይንጫጫል። ሴሪን ከሕንፃው ልጆች ጋር መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

መካከል ላይ፣ የሰባተኛ ክፍል ወንዶች እየተሟገቱ ከሚበሉበት ጠረጴዛ ጫፍ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ቦራም ትሪዋን አስቀመጠች። ሩዙ በግራ፣ ሾርባው በቀኝ። ማንኪያዋን አነሣች፤ ሾርባው ገና ይጨሳል።